ውሃው በቀኝ ጆሮ

«ከግራው ጀምር፤ የግራው ይሻላል» አሉ አባ ድንበር፣ የግራ ዓይናቸውን ቆብ በሁለት ጣት ወደ ላይ ገልብጠው ይዘው።

ቀያሹ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን እንደታቀፈ ክው አለ። ገና ከመኪና መውረዱ ነበር፤ ጫማው እንኳ አቧራችንን በቅጡ አልቀመሰም። እንዲህ ያለ አቀባበል ማን ይጠብቃል? አንድ አዛውንት ፊቱ ድረስ ተጠግተው እንደ ተቀቀለ እንቁላል የነጣ ዓይን ያሳዩታል።

«ምኑን ልጀምር አባባ?»

«ምርመራውን ነዋ! ቀኙን ተወው፣ እሱ ከሞተ ቆይቷል። የግራው ግን ጠዋት ጠዋት ጥላ ጥላ ይለዋል።»

ሊቀ መንበሩ ከኋላ ሆኖ በእጁም በቅንድቡም ምልክት ይሰጣል፤ ቀያሹ ግን አላየውም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የዓይን ሐኪም ይላክላችኋል ተብለን ነበር። አልመጣም። በዋዜማው ደግሞ ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ «ነገ ከላይ አንድ ባለሙያ መሣሪያ ይዞ ይመጣል» አለ። ሌላው ሰው ሁሉ መሬት ለኪ መሆኑ ገባው። አባ ድንበር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቁት ባለሙያ አንድ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ እኔ የምለካው መሬት ነው» አለ ቀያሹ ቀስ ብሎ።

አባ ድንበር ጣታቸውን አነሡ። ቆቡ ተመልሶ ተከደነ። «በል እንግዲያ፣ ከእኔ የባሰ በሽተኛ ይዘሃል» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሰሞን ብዙ ነው የሳቅነው፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ዳሩ ላይ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቀያሹ ከካርታው ጋር የሚያያዝ ሁለት ገጽ ጽሑፍም ይፈልግ ነበር፤ ርእሱ «የአካባቢው ታሪክና መልክዓ ምድር» የሚል። ሊቀ መንበሩ ሳያስብ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባላል። ማመልከቻ የሚያስጽፍም፣ አቤቱታ የሚያስጽፍም፣ ከተማ ለቀረ ልጁ ደብዳቤ የሚያስጽፍም የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ከዚያ የተረፈኝን ጊዜ ሽንኩርት አለማበታለሁ። ሽንኩርቱን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

መልክዓ ምድሩ አላስቸገረኝም። ከላይ ኮረብታ፣ ከታች ጥርጊያ መንገድ፣ መካከሉ እኛ። ከኮረብታው እግር ሥር፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር፣ ወንዝ ይነሣል፤ ወንዝ ያልነው ሌላ ስላላየን ነው እንጂ በበጋ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ትሻገረዋለች። ግራና ቀኙ ያለው አፈር ጥቁር ነው፤ ዱላ ብትተክልበት ይበቅላል። ከወንዙ ራቅ ስትል ቀይ ጠጠር ነው፤ እሱ ደግሞ ዱላህን ይሰብረዋል።

ታሪኩን የምናገኘው ግን ከማሳዎቹ ስም ነው። እኛ ማሳን የምንጠራው በባለቤቱ ሳይሆን በደረሰበት ነገር ነው። «አህያ እምቢ» የሚባል አለ፤ ዳገቱን ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። «ሁለት ሙሽራ» የሚባል አለ፤ እሱን ለቀያሹ አልነገርኩትም፣ ሁለቱም በሕይወት አሉ። «ሳል» የሚባልም አለ። ስለ «ሳል» ለመናገር ግን መጀመሪያ የአባ ድንበርን አሠራር ማስረዳት አለብኝ።

አባ ድንበር አርባ ዓመት የድንበር ምስክር ነበሩ። ሁለት ባለማሳዎች በወሰን ሲጣሉ እሳቸው ይጠራሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ከማሳው ራስ ተነሥተው እስከ ጭራው በድንበሩ ላይ ይራመዳሉ፣ ዱላቸውን በመቱበት ሁሉ ድንጋይ ይተከላል። አለቀ፣ ይግባኝ የለም። ደንቡ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምስክሩ ሲራመድ ማንም ድምፅ አያሰማም፤ ድምፅ እግር ይገፋል ይላሉ። ከባለጉዳዮቹ አንዱ ድምፅ ካሰማ ደግሞ ወዲያው ተረታ፤ ሌላኛው «ድንበሩ እዚህ ነው» ያለበት ቦታ ድንበር ይሆናል። ሁለተኛ፣ የተተከለ ድንጋይ አይነቀልም፤ የተከለው ምስክር ራሱ ቢጸጸት እንኳ።

አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት ከጎረቤቷ ጋር ስትከራከር ጉንፋን ይዟት ነበር። አፏን በሻርፗ አፍና፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እስከ ግማሹ ድረስ ቻለች። ከዚያ ሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ። አባ ድንበር ቆሙ፣ ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤታቸው ድረስ ተከትላ እግራቸው ላይ ብትወድቅ «ደንብ ጉንፋን አይዘውም» አሏት። በዓመቱ አካባቢውን ለቃ ሄደች፤ ማሳው «ሳል» ተባለ። ሕዝቡም «ይኼ ነው ሰው!» እያለ አደነቃቸው። እኔም አድንቄያለሁ።

በገዛ ወንድማቸው ላይም ፈርደዋል። ታናሽየው ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳውን ከላይኛው ጎረቤቱ ጋር ሲካሰስ፣ ወንድሜ ነውና አያሳፍረኝም ብሎ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። አባ ድንበር ተራመዱና ምርጡን ቁራጭ ለጎረቤትየው ሰጡት። ትክክል ነበሩ፣ ሁሉም ያውቃል። ታናሽየው ግን እስኪሞት ድረስ አላናገራቸውም። ልጁ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር፤ አባቱ በተተከሉት ድንጋዮች አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ያ ጎረምሳ ዛሬ አርባን ተሻግሯል፤ ባለ ሞተሩ የምንለው እሱ ነው። በአካባቢያችን ካለችው አንዲት የውሃ መሳቢያ ሞተር ጋር ስለኖረ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ከታችኛው ኩሬ ውሃ እየሳበ ለየማሳችን በየተራ ይለቃል። የእኔ ተራ ረቡዕና ቅዳሜ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት የአባ ድንበር ዓይን ሲጠፋ «የልጃቸው ቤት ይጠባቸዋል» ብሎ ወስዶ ያኖራቸው ባለ ሞተሩ ነው። ንጹሕ አንሶላ፣ ትኩስ ሾርባ፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር እየቆረጠ። ሴቶቹ «እንዲህ ያለ የወንድም ልጅ ለጠላቴም ይስጥልኝ» ሲሉ ነበር፤ ምርቃት መሆኑ ነው።

አባ ድንበር ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም መራመዱን አልተዉም። እንዲያውም ዝናቸው ጨመረ፤ ዕውር አያዳላም ተባለ። በዱላ ጫፍ እየመራ ማሳው ራስ ድረስ የሚያደርሳቸው ባለ ሞተሩ ነበር። እኛ እግራቸውን ስናይ እሱ አንገታቸውን ያይ ነበር። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ልጃቸውን ጭምቷ እንላታለን። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ይዛ የቀረች ናት፤ ቤቷ ከእኔ አጥር ማዶ፣ ከጥርጊያው መንገድ አጠገብ ነው። ማሳዋ ከወንዙ ወዲህ፣ የአጎቷ ልጅ የባለ ሞተሩ ማሳ ከወንዙ ወዲያ፤ ድንበራቸው ራሱ ወንዙ ነው። ከማሳዋ ውስጥ ጥቁሩ አፈር በወንዙ ዳር ያለው ሠላሳ እርምጃ የሚሰፋው ብቻ ነው። በቆሎዋም ድንቿም ከዚያ ነው የሚወጣው። ከዚያ ወዲህ ቀይ ጠጠርና ቤቷ ነው። ያ ጥቁር አፈር ከሄደ ልጆቿን ጠጠር ልታበላ ነው ማለት ነው።

ቀያሹ ከመምጣቱ አሥራ አምስት ቀን በፊት ባለ ሞተሩ አካፋ ይዞ ደጇ ላይ ቆመ። እኔ አጥሬን እየጠገንኩ ነበር፤ አጥር የሚጠገነው ለመስማት እንደሆነ ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቃል።

«እህቴ፣ እስከ መቼ ጀሪካን ትሸከሚያለሽ?» አላት። «ወንዙን ከቋጥኙ ሥር ጠልፈን በደጅሽ እናሳልፈው። ቦዩን እንቆፍርና ውሃው ራሱ ይምጣልሽ።»

«ላንተ አይጎድልብህም?»

«ታች ኩሬው እስከገባ ድረስ በየት ቢመጣ ለእኔ አንድ ነው።»

ጭምቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለአጎቴ ግን እንዳትነግሪ። ቀያሹ ሲመጣ ይዣቸው እመጣለሁ። ደጅሽ ላይ ድንገት ውሃ ሲሰሙ የሚሆኑትን እንይ! ልጅዎ በገዛ እጇ የቆፈረችው ነው እላቸዋለሁ።»

ጭምቷ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። ባለ ሞተሩም በአጥሬ ቀዳዳ አየት አደረገኝና «ጎረቤት፣ አንተም አፍህን!» አለኝ።

«መቃብር ነኝ» አልኩት።

ስድስት ቀን ቆፈረች። ባለ ሞተሩ ሁለቱን ቀን አገዛት፤ መስመሩን በገመድ የወጠረላት ግን እሱ ነው። ቦዩ ከቋጥኙ በታች ከወንዙ ተለይቶ፣ በጥቁሩና በቀዩ አፈር መካከል አልፎ፣ በቤቷ ግድግዳ ሥር ወደ መንገዱ ይወርዳል። ቦዩ ሲያልቅ አሮጌው የወንዝ መሄጃ አሸዋ በተሞላ ጆንያ ተደፈነ፤ በሁለት ቀን ደረቀ። ልጆቿ ደጃቸው ላይ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ሲንጫጩ ይውሉ ነበር። ጭምቷም ማታ ማታ ቦዩ ዳር ትቀመጣለች፤ «አባዬ ሲሰሙት» ትለኛለች በአጥሩ ላይ፣ «አባዬ ሲሰሙት!»

ወንዙ በጆንያ ሲደፈን ሆዴ አንድ ነገር ጠረጠረ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ጠረጠረ። ግን ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ቀያሹ እንግዲህ በዚያ ሰሞን መጣ፤ ሁለት ቀን የማያከራክሩትን ወሰኖች ሲለካ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከቋጥኙ ሥር ተሰበሰብን። ባለ ሞተሩ አጎቱን አዲስ ኮት አልብሶ በዱላ ጫፍ እየመራ መጣ።

«በእኔና በእህቴ መካከል ክርክር የለም» አለ ጮክ ብሎ። «ካርታ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው። አጎቴ ይራመዱት። እኔ እሳቸው ባሉት ላይ አንዲት ጣት አልጨምርም፣ አንዲት ጣት አልቀንስም።»

«ዘመድ እንዲህ ነው!» አለ ሊቀ መንበሩ።

ቀያሹ ወደ ጭምቷ ዞሮ «አንቺስ እህቴ?» አላት።

«አባቴ አይደሉ?» አለች። ፊቷ ያበራ ነበር። እሷ የምትጠብቀው ቦዩ ጋ ሲደርሱ የሚያሳዩትን መገረም ነው።

አባ ድንበር ጫማቸውን አወለቁ። ቋጥኙን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት፣ እንደ ከብት ጀርባ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘመም አድርገው ውሃውን አዳመጡና መራመድ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

አሥር እርምጃ ያህል ልክ ነበሩ። አሥራ አንደኛው ላይ የወንዙ መሄጃ ወደ ቀኝ፣ ቦዩ ወደ ግራ ይለያያሉ። ወንዙ ደርቋል። ቦዩ ይንፎለፎላል። አባ ድንበር ውሃውን በቀኝ ጆሯቸው እንደያዙ ወደ ግራ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ታጠፉ። ዱላቸውን መቱ፤ ሁለት ሰዎች ድንጋይ ተከሉ።

ጭምቷ የገባት ያኔ ነው። ገና ዓይን ሳላቸው የሚያዩትን ድንበር፣ ከጠፋ በኋላ በምን እንደሚያገኙት ጠይቃ አታውቅም ነበር። አፏን ከፈተች። ከዚያ እዚያው እንደተከፈተ ቀረ። ከተናገረች ተረታች፤ ባለ ሞተሩ ጣቱን ዘርግቶ የፈለገበትን፣ ቤቷን ጨምሮ፣ «እዚህ ነው» ሊል ነው። ዝም ካለችም አባቷ በገዛ እግራቸው እየወሰዱባት ነው። ብትስልስ? ስለ መሳል ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

የእጇን አንጓ አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰችው። ሕዝቡ የአዛውንቱን እግር ትቶ የእሷን አፍ ያይ ጀመር። አንዳንዱ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰመ። አንዷ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ ለካስ እየሳቀች ነው። ባለ ሞተሩ እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፍቷል፤ ቀብር ላይ የቆመ ጨዋ ይመስል ነበር።

የድንበሩ እኩሌታ ላይ አባ ድንበር ቆሙ። በእግራቸው ጣት አፈሩን ጫር ጫር አደረጉት። ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ዘገኑ፣ በጣታቸው ፈተጉት፣ አሸተቱት።

«ይኼ ጠጠር ነው» አሉ። ምስክሩ ራሱ መናገር ይችላል፤ ማንም አይመልስለትም እንጂ። «እዚህ ጋ ጥቁር ነበር የምረግጠው። ምን ሆነ?»

ጭምቷ ወደ እኔ ዞረች። ለምን ወደ እኔ? ጎረቤቷ ነኛ። ቦዩን እንዴት እንደቆፈረች ያየሁ፣ ምስጢሩን አብሬ የሰማሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለጉዳይ ያልሆንኩ። እኔ ብናገር የሚረታ የለም። ቢበዛ ከምስክር ቦታ ያባርሩኛል፣ መራመዱም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «ቦይ» ብል በቂ ነበር።

ዕለቱን አስታወስኩ። አርብ ነበር። ነገ ቅዳሜ ነው። ሽንኩርቱ እያኮረተ፣ ሥሩ ፍሬ እየያዘ ነበር፤ አንድ ውሃ ከቀረበት ከንቱ ነው። መሬት መሬት አየሁ።

አባ ድንበር እንደገና አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘመም አደረጉ። ውሃው ይዘፍናል።

«ጎርፍ ያመጣው ይሆናል» አሉ በመጨረሻ፣ አፈሩን ከመዳፋቸው እያራገፉ። «አፈር ይታጠባል፣ ይገለበጣል። ውሃ ግን አይዋሽም።» ዱላቸውን መቱ። ድንጋይ ተተከለ።

ሰባተኛው ድንጋይ መንገዱ አጠገብ ሲተከል ላባቸውን ጠረጉና ፈገግ አሉ።

«ሁለት መቶ ስልሳ እርምጃ። ድሮ ሁለት መቶ አሥር ነበር። አያችሁ፣ እርምጃዬ አጥሯል፤ እርጅና እንዲህ ነው። ልጄስ? ልጄ የት አለሽ? በቃ፣ ድንበርሽ ጸና። አሁን መናገር ይቻላል።»

ጭምቷ እጇን ከአፏ አወጣች። ይደማ ነበር።

«አባዬ፣ ወንዙ ደርቋል» አለች።

«ምን ነካሽ? ይኸው እሰማዋለሁ እኮ።»

«እሱ እኔ የቆፈርኩት ቦይ ነው። ላስደስትዎ ብዬ። ግራ እጅዎን ይዘርጉ።»

ዘረጉ። የጭቃ ግድግዳ ነካ። ከግድግዳው ወደ መስኮቱ አለፉ፣ ጠርዙን በጣታቸው ተከትለው ዞሩት። «ይቺን መስኮት የገጠምኳት እኔ ነኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወንድማቸው ልጅ አዞሩ፤ የቆመበትን ቦታ በትንፋሹ አውቀውታል።

«ይነቀል ካሉ አጎቴ፣ እኔ ራሴ እነቅለዋለሁ» አለ ባለ ሞተሩ በለስላሳ ድምፅ። «ለዘመድ ምን ይሳነኛል? ግን በተራ ይሁን። የአባቴ ድንጋይ ይቀድማል። ከዚያ ‹ሳል› አለ። ከዚያ የሊቀ መንበሩ የላይኛው ማሳ አለ…»

ሊቀ መንበሩ አንዴ ደነገጠና «ኧረ ይኼ ነገር እንዲህ ሊሰፋ አይገባም!» አለ። ሕዝቡም ማጉረምረም ጀመረ። አባ ድንበር ያልተከሉለት ማን አለ? አርባ ዓመት እኮ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ድንጋይ በልቡ አቀፈ።

«አንገቴን ታይ ኖሯል» አሉ አባ ድንበር።

«እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ደንብ ጉንፋን አይዘውም ሲሉ እኔም እዚያው ነበርኩ።»

ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። እሷ የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ እሳቸውም ያውቃሉ። እጃቸው አሁንም መስኮቱ ላይ ነበር።

«ድንጋዩ ይቆይ» አሉ።

ጭምቷ ክንዳቸውን ለቀቀች።

ቀያሹ ግራ ገብቶት ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። «የተስማማችሁበት አሠራር ከሆነ እኔ መመዝገብ ነው ሥራዬ» አለ። ባለ ሞተሩ ፈረመ። ጭምቷ ስለማትጽፍ በአሻራ ነው፤ የቀለሙን ሰሌዳ የያዝኩላት እኔ ነኝ። አውራ ጣቷን ስትጫን ከአንጓዋ የወረደ ደም ከቀለሙ ጋር ተቀላቀለ። ቀያሹ «ትንሽ ደበዘዘ፣ ድገሚው» አላት። ደገመችው።

ገና ሳንበታተን ከመካከላችን አንድ ባለ ጋሪ ለማሳው ስም አወጣለት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ‹ጆሮ› በሉት» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባ ድንበር እዚያው አጠገባችን ነበሩ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ጻፈው እንጂ፣ ታሪክ አይደል?» አለኝ። ጻፍኩት። የእጅ ጽሑፌ ያን ቀን በጣም አምሮ ነበር።

አባ ድንበር ወደ ባለ ሞተሩ ቤት አልተመለሱም። ልጃቸው ገፍታ አላስወጣቻቸውም፣ ይግቡም አላለቻቸውም፤ ራሳቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። ቦዩ በግድግዳው ሥር ቀንም ሌሊትም ይንፎለፎላል። በማግስቱ በሁለቱም ጆሯቸው ቁራጭ ጨርቅ ወትፈው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ሊቀ መንበሩ ለሌላ ድንበር ሊወስዳቸው መጣ። ትከሻቸውን ነክቶ ሦስት ጊዜ ጮኸባቸው። አንዱን ጨርቅ አወጡ።

«የጆሮ ሐኪም ሲመጣ ጥሩኝ» አሉና መልሰው ወተፉት።

ባለ ሞተሩ በሳምንቱ ጥቁሩን አፈር አረሰው። ቦዩን አልነካውም፤ «የእህቴ ልፋት ነው፣ ይፍሰስላት» ይላል በየመንገዱ። እኔም ሁለቱን ገጽ ጨርሼ ለቀያሹ ሰጠሁ። አካባቢው በስተ ሰሜን በኮረብታ፣ በስተ ደቡብ በጥርጊያ መንገድ እንደሚዋሰን፣ ነዋሪዎቹም ታታሪዎችና በድንበር የማይጣሉ መሆናቸውን ገልጫለሁ። ቀያሹ አንብቦ አመሰገነኝ።

ሽንኩርቱ ደረሰ። እንደ ዘንድሮ ደርሶልኝ አያውቅም፤ አንዱ ፍሬ እንደ ጡጫ። ከመጀመሪያው ለቀማ ለጭምቷ ልስጣት ብዬ አንድ ኩንታል አስቤ ነበር፣ ኋላ ግማሽ አሰብኩ፣ በመጨረሻ አንድ ዘንቢል ሞላሁና አጥሩን ዞሬ በደጇ ሄድኩ። አባ ድንበር ጆሯቸውን ደፍነው ተቀምጠዋል፤ ሰላምታዬን አልሰሙትም። እሷ ከቀዩ ጠጠር ላይ ድንጋይ እየለቀመች ትከምራለች። ጎንበስ እንዳለች ራሷን ብቻ ቀና አድርጋ አየችኝ፣ ከዚያ ዘንቢሉን አየችው።

ዘንቢሉን እግሯ ሥር አስቀመጥኩ።

«ጎረቤቴ» አልኳት፣ «ያን ቀን ልናገር ነበር እኮ። እውነቴን ነው፣ ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ምን ላድርግ፣ ጉሮሮዬ ደረቀብኝ።»

አንዱን ሽንኩርት አነሣች። አገላብጣ አየችው፣ በመዳፏ መዘነችው፣ መልሳም ዘንቢሉ ውስጥ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ሽንኩርትህ ግን አልደረቀም» አለች።